ከአልቃሽ ቃል እስከ «የልቤ መጽሐፍ»

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና ስማቸው ያልተጻፈ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ባለግጥሞች

ከጉና ተራራ በስተደቡብ በእስቴ ወረዳ አንድ የተከበሩ ገበሬ ዐርፈው እኛም ለቅሶ ለመድረስ ሄደን ነበር። የአገሩ ሰው ከማዶ ማዶ እየተጠራራ ተሰብስቧል። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላው ወገን ሆኖ፣ በመካከል ነጠላቸውን በወገባቸው ያገለደሙ አንዲት ባልቴት ቆመው ሙሾ ያወርዳሉ።

እኒህ ባልቴት ፊደል አይለዩም። ነገር ግን ሟቹ በየትኛው ማሳ ምን ይዘሩ እንደ ነበር፣ በክፉ ቀን ጎተራቸውን ለማን እንደ ከፈቱ፣ ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተጣልተው በማን ሽምግልና እንደ ታረቁ አንድ በአንድ እያነሡ፣ ቤት እየመቱ ለቀስተኛውን ያስለቅሱት ነበር። አንድ ጊዜ ስለ በሬው የተናገሩ መስሎን ስንሰማ ወርቁ ስለ ሟቹ ልጅ ኖሯል። ከሽማግሌዎቹ ጥቂቶቹ ቀድሞ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእኛ የገባን ግን ግጥሙ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዳሱ ጫፍ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። ማን ስንት እንጀራ እዝን እንዳመጣ፣ ማን ስንት ብር እንዳዋጣ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ሁሉም በመዝገቡ ሰፈረ። የባልቴቲቱ ቃል ግን አልሰፈረም። እኛም ብንሆን እርሳስና ወረቀት በኪሳችን ሳለ አልጻፍንም። በማግሥቱ ያን ስለ በሬው የተባለውን ግጥም ሦስት ሰዎች ብንጠይቅ፣ አንዱ መነሻውን፣ አንዱ መድረሻውን ነገረን፤ ሦስተኛው «ደግ ግጥም ነበር» ብሎ ዝም አለ። የግጥሙንስ ባለቤት ስም ስንጠይቅ «የእገሌ ሚስት የነበረችው ናት» አሉን እንጂ ስማቸውን የነገረን አልነበረም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የምሳሌው እውነተኛነት በዓይናችን ፊት ሲፈጸም ያየነው ግን በዚያ ለቅሶ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሕይወትና ሥራ ለመጻፍ የተነሣነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወይዘሮ ስንዱ ከአገራችን ሴቶች መካከል የልባቸውን ቃል በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ በገዛ ስማቸው በመጽሐፍ ካሳተሙት ቀዳሚዎች አንዷ ናቸውና። ሥራቸው ምን ያህል እንደሚመዝን ለመረዳት ግን በመጀመሪያ እሳቸው ከመነሣታቸው በፊት የሴት ቃል በአገራችን በምን ሁኔታ ይኖር እንደ ነበር ማየት ያስፈልጋል። ለዚህም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የተሻለ አገር አይገኝም።

ይህ ምድር ንባብ ያልደረሰበት ምድር አይደለም። እንዲያውም ከጥንት ጀምሮ የትምህርት አገር ነው። የዝማሬና መዋሥዕት ትምህርት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባ፣ ድጓ የሚጸናበት ቤተ ልሔም በጋይንት ምድር የሚገኙ ናቸው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተማሪዎች ወደነዚህ ጉባኤዎች ይመጣሉ፤ የዚሁ አገር ልጆች ደግሞ በተራቸው ቅኔ ለመቀኘት ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ይወርዳሉ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ በጋይንትና በእስቴ መንደሮች የማያውቀው የለም።

እንግዲህ ይህን ተማሪ ማን መገበው? ደጁን ከፍታ፣ ከሞሰቧ ቆርሳ ከአኩፋዳው የጨመረች ሴት አይደለችምን? የደጉዋ ቁጥር፣ የዝማሬው ዜማ፣ የቅኔው ምሥጢር ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በሴቲቱ እንጀራ ነው። እሷ ግን ከየኔታ ፊት ተቀምጣ ፊደል የምትቆጥርበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የተባለ ምሳሌም ነበረና፣ ብታውቅም እንኳ ዕውቀቷን አጽድቆና ፈርሞ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነበር።

ይሁን እንጂ ሴቲቱ ዝም አላለችም። ወፍጮ ላይ ሆና በእንጉርጉሮ፣ ሕፃን ስታስተኛ በእሹሩሩ፣ በሠርግ በዘፈን፣ በለቅሶ በሙሾ ግጥም ትደረድራለች። በሸንጎ ልትናገረው የማይፈቀድላትን አቤቱታ በወፍጮ ላይ ታንጎራጉረዋለች፤ ባሏ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይሰማዋል፤ መልስ ሊሰጥበት ግን አይችልም፤ ዘፈን ነውና። በስማዳ ቆላም ሆነ በላይ ጋይንት ደጋ ይህን የማያውቅ ቤት የለም። ባለግጥሟ ብዙ ናት፤ የጠፋው ጽሑፉና ስሙ ነው።

በታሪካችን የሴት ስም በብራና ላይ ሰፍሮ የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ጽፎት ነው። ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ምድር ሳንወጣ፣ በጣና ዳር በቋራጣ የሚታወሱትን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል እንመልከት። ወለተ ጴጥሮስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1642 ዐረፉ፤ ገድላቸው ከ30 ዓመት በኋላ በ1672 ተጻፈ። ታሪኩን በቃላቸው ጠብቀው የነገሩት ከሳቸው ጋር የኖሩ መነኮሳትና መነኮሳይያት ሲሆኑ፣ በብራና ላይ ያሰፈረው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው። ስለ አንዲት አፍሪካዊት ሴት በአፍሪካዊ እጅ ከተጻፉት ቀደምት የሕይወት ታሪኮች አንዱ በመሆኑ ዛሬ የውጭ አገር ሊቃውንት ጭምር ያጠኑታል። ሆኖም ቃሉን ያቈዩት እናቶች ተራኪዎች እንጂ ጸሐፊዎች አልነበሩም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ደግሞ፣ የእስቴና የስማዳ ተማሪዎች ቅኔ ፍለጋ ዓባይን ተሻግረው በሚሄዱበት በጎጃም፣ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እናገኛለን። እማሆይ ገላነሽ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን ከመምህር አባታቸው ተምረው፣ ከዚያም ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው ብዙ ወንዶችን አስተምረው ለመምህርነት አብቅተዋል። «ሴት ብታውቅ» ለሚለው ምሳሌ ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም። ነገር ግን የሳቸውም ቅኔ በተማሪዎቻቸው አፍና ትዝታ የኖረ ነው። የዕውቀቱ በር ተከፍቶ ነበር፤ የማተሚያ ቤቱ በር ግን ገና ነበረ።

ያን በር ካንኳኩት መካከል ነው ወይዘሮ ስንዱን የምናገኛቸው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. በጥር ወር በመናገሻ አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር አገር ሰው ናቸው። ከንቲባ ገብሩ ገና በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን ጋር ወደ ውጭ ወጥተው በኢየሩሳሌምና በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን አስተምሮ መዳር እንኳ እንግዳ በነበረበት አገር፣ እኒህ አባት ሴት ልጆቻቸውን ወደ ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ። አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ይህን ነው፤ የሴት ልጅ ዕድል በዚያን ጊዜ በአንድ አባት ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በዚያው ዘመን በጋይንት የተወለደች፣ ምናልባትም በተፈጥሮ ከወይዘሮ ስንዱ የማታንስ ልጅ፣ አባቷ የሚያርስ ገበሬ በመሆኑ ብቻ ወፍጮ ላይ ቀረች።

ወይዘሮ ስንዱ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቈዩ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ደረሰ። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ወርደው ከአርበኞች ጋር ሆኑ። በኋላም ተይዘው፣ ከ1929 ዓ.ም. የየካቲት ጭፍጨፋ ወዲያ ብዙ ኢትዮጵያውያን መኳንንትና የተማሩ ሰዎች ወደተጋዙበት፣ ከሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው ወደ አዚናራ ደሴት ከቤተ ሰባቸው ጋር ተጋዙ። በወጣትነት ዕድሜያቸው ለትምህርት ባሕር እንደ ተሻገሩ፣ በወጣትነት ዕድሜያቸው ለእስር ባሕር ተሻገሩ።

እዚህ ላይ ስለ ጽሕፈታቸው አንድ ነገር እንናገራለን። በዚያ ዘመን ስለ ጦርነቱና ስለ ግዞቱ የጻፉ ወንዶች ደራስያን ነበሩን። ነገር ግን ጦርነት በሴት ላይ የሚያደርሰው ሌላ ነው። ልጇ የሞተባት እናት፣ ባሏ በረሐ የገባባት ሚስት፣ ራሷ የተማረከች ሴት፣ እነዚህ ሁሉ ለረጅም ዘመን በአልቃሽ አፍ ብቻ ሲነገሩ የኖሩ ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ ያዩትንና የደረሰባቸውን ይዘው ብዕር ሲያነሡ፣ የሙሾ አውራጇ የጥንት ሥራ ወደ ወረቀት ተሻገረ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ማስተማር ሥራ ገቡ። በመጀመሪያ በደሴ አስተማሩ፤ ቀጥሎም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ። ያን ትምህርት ቤት በዲሬክተርነት በመምራት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት እሳቸው ናቸው። በትምህርት ቤቱም ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ ያሠሯቸው ነበር። በዚያ ወራት በአዲስ አበባ መድረክ ላይ የሴትን ቦታ ይዞ የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ ወንድ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ልጃገረዶች በአደባባይ ቆመው ስለ አገራቸው ነፃነት በገዛ ድምፃቸው መናገራቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» ታተመ። ግጥምና ተውኔት የያዘ መጽሐፍ ነው። ስለ አርእስቱ ጥቂት ብንቈይ አንባቢዎቻችን ይቅር ይሉናል። በዚያ ጊዜ የሚታተሙት መጻሕፍት ብዙዎቹ የታሪክ፣ የምክርና የግብረ ገብ መጻሕፍት ነበሩ፤ ደራሲው እንደ አባት ሆኖ አንባቢውን ያስተምራል። «የልቤ» ብሎ መጽሐፍ መሰየም ግን ሌላ ነው። «ይህ የኔ ነው፣ ከውስጤ የወጣ ነው» ማለት ነው። ልቧ የሚናገረውን በወፍጮ ድምፅ ሸፍና ስታንጎራጉር ለኖረች የሴት ወገን፣ ይህ አርእስት ብቻውን አንድ ታላቅ ንግግር ነበር። ከሽፋኑ ላይ ያለውም ስም የማንም ሚስት ወይም የማንም ልጅ ተብሎ ሳይሆን የደራሲዋ ስም ነው።

ይህ በአፍሪካ ምድር ሲታይ ምን ያህል ቀደምት እንደ ሆነ ለመረዳት ዓይናችንን ወደ ሌሎች አገሮች እናቅና። እርግጥ ነው፣ በደቡብ አፍሪካ ሊሊት ካካዛ በኮሳ ቋንቋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ጽፋለች፤ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰደችው ፊሊስ ዊትሊም በ1773 የግጥም መጽሐፏን በሎንዶን አሳትማለች። ነገር ግን ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የአፍሪካ ሴቶች ድርሰት ፈር ቀዳጅ ተብለው የሚጠሩት የናይጄሪያዋ ፍሎራ ንዋፓና የኬንያዋ ግሬስ ኦጎት የመጀመሪያ ልብ ወለዶቻቸውን ያወጡት በ1966 ነው፤ የሴኔጋሏ ማሪያማ ባ ስመ ጥር መጽሐፍም የታተመው በ1979 ነው። «የልቤ መጽሐፍ» ከሁሉም ይቀድማል። እነዚያ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ስለ ተጻፉ ዓለም አነበባቸው፤ ይህኛው በአማርኛ ስለ ተጻፈ ማንበቡም ማስነበቡም የኛ ድርሻ ሆኖ ቀረ። ድርሻችንን ተወጥተናልን? መልሱን ለተማሪዎች እንተዋለን።

ወይዘሮ ስንዱ በብዕር ብቻ አልቈሙም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝብ የመምረጥ መብት በሰጠ ጊዜ ሴቶችም የመብቱ ተካፋዮች ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉና በኢትዮጵያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ከዚያ በኋላ በምዕራብ ጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። በ2001 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በ93 ዓመታቸው ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥታዊውን መንግሥት፣ ወረራውን፣ ነፃነቱን፣ አብዮቱንና ከዚያም በኋላ የመጣውን ዘመን ሁሉ በአንድ ዕድሜ አዩ።

ስለ ሹመታቸው ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ «የመጀመሪያዋ እንደራሴ፣ የመጀመሪያዋ ዲሬክተር» ይባላል። በኛ አስተያየት ግን ከሹመቱ ይልቅ መጽሐፉ ይበልጣል። ሹመት በአዋጅ ይሰጣል፣ በአዋጅ ይነሣል። በመጽሐፍ ላይ የተጻፈ ስም ግን የሚሻር አይደለም።

አሁን ወደ ተነሣንበት አገር እንመለስ። ንፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ ዛሬ ትምህርት ቤት የሌላቸው ከተሞች አይደሉም። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ብዙ መምህርና ብዙ ሠራተኛ አመላልሷል። ሴት ልጅም ከወንድሞቿ ጋር ደብተር ይዛ ትሄዳለች። ይሁን እንጂ የዚህ አካባቢ ልጅነት ጋብቻ የቈየ ልማድ በመሆኑ፣ ሕጉ 18 ዓመት ብሎ ቢደነግግም ደብተሯን ሳትጨርስ ጎጆ የምትገባ ልጅ ዛሬም አትጠፋም። ወይዘሮ ስንዱን ያበቃቸው የአንድ አባት ፈቃድ ነበር፤ ለዛሬዎቹ ግን በአባት ፈቃድ ብቻ መተው አይገባም።

ከዚያ ለቅሶ በኋላ ጥቂት ወራት ቈይተን ወደ እስቴ ስንመለስ፣ ያችን ባልቴት ፈልገን አገኘናቸው። የቡና ሥርዓታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ያን ስለ በሬው ያሉትን ግጥም እንዲደግሙልን ለመንናቸው።

«እማማ፣ ልንጽፈው ነው የመጣነው፤ ስምዎንም ከሥሩ እናደርጋለን» አልናቸው።

«ምን ይበጃችኋል ልጆቼ?» አሉ እየሣቁ። «እኔ ለሟቹ ነው ያለቀስኩት። ደግሞስ የዚያን ቀን እሱ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ አይታችሁ የለ? ለሱ ያልታየው ለናንተ ምን ታያችሁ?»

የምንመልሰው አጣን። እውነታቸውን ነው፤ እኛም በኪሳችን እርሳስ ይዘን ዝም ብለን ነበርና። ይህን ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጣ ጨርቅ የምታጥፍ የልጅ ልጃቸው፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ፣ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባችና የአማርኛ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ከመጨረሻው ገጽ ላይ ያ ግጥም ሙሉውን ተጽፏል። ለካስ ከለቅሶው በተመለሱ ማታ፣ ባልቴቲቱ እሳት ዳር ሆነው ሲያንጎራጉሩት ልጅቱ እየሰማች ጽፋው ኖሯል።

ደብተሩን ስናየው ከግጥሙ ሥር የልጅቱ ስም አለ። በትምህርት ቤት «ከጽሑፋችሁ ሥር ስማችሁን አትርሱ» ስለሚባሉ ነው። «ይህ ግጥም የማን ነው?» ብለን ጠየቅናት። ልጅቱ ጥቂት አሰበች፤ ወደ አያቷ አየች። «የእምዬ ነው» አለች፤ ከዚያም እርሳሷን አንሥታ ከስሟ በላይ የአያቷን ስም እስከ አባታቸው ጽፋ፣ በራሷ ስም አጠገብ ደግሞ «ጻፈችው» የሚል ቃል ጨመረች።

ባልቴቲቱ ማንበብ ባይችሉም ጣታቸውን በተጻፈው ላይ አድርገው «የቱ ጋ ነኝ?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ አሳየቻቸው። ብዙ ጊዜ አዩት። ስንሄድ ግን ጠርተውን «ለናንተ ጋዜጣ ስሜን አታውጡት፤ ለልጄ ደብተር ይበቃል» አሉን። ቃላቸውን አክብረን ስማቸውን እዚህ አላሰፈርንም።

በየወረዳው ተመድባችሁ የምትሠሩ ወጣት ባለ ሥልጣኖችና መምህራን፣ በዕረፍት ወራት ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የምትመለሱ ተማሪዎች፣ ከእናንተ የምንለምነው ከባድ ነገር አይደለም። «የልቤ መጽሐፍ»ን ከቤተ መጻሕፍት ፈልጋችሁ አንብቡ። ከዚያም ወደ እናቶቻችሁ ስትሄዱ ደብተር ያዙ። ግጥሙን ጻፉ፤ የተነገረበትን ቀንና ቦታ ጻፉ፤ ባለቤቷን አስፈቅዳችሁ ስሟን እስከ አባቷ ጻፉ። በመንደሩም ልትጽፍ የምትወድ ልጅ ካገኛችሁ፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ ደብተሯ እንዳይዘጋ የሚቻላችሁን አድርጉ።

የእድሩ መዝገብ የእንጀራውን ቁጥር ይጠብቅልናል። የቃሉን ባለቤት የሚጠብቅ ግን ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል፤ በእስቴ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ጀምራዋለች።